ከካሴት እስከ ሚሞሪ ካርድ፦ ቅጂ ሲረክስ የደራሲው መብት ወዴት ይሄዳል?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚያመላልሰው እህልና መንገደኛ ብቻ አይደለም። በመንገደኛው ስልክ ውስጥ፣ የጥፍር ስፋት ባላት ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ በሺህ የሚቆጠር ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልምና በፒዲኤፍ የተቀዳ መጽሐፍ አብሮ ይጓዛል። በየከተማው ያለው ሞባይል ጠጋኝ ወይም ሙዚቃ ቤት ደግሞ ጥቂት ብር ተቀብሎ ባዶውን ካርድ ይሞላል፤ በተለምዶ «ዘፈን ማስጫን» የምንለው ይህንኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልማዱ የቆመበትን የቴክኒክ መሠረት፣ ሕጋችን ስለ እርሱ የሚለውንና የኪነ ጥበብ ሥራ ወደፊት ለሕዝብ ሊደርስ የሚችልበትን መንገድ እንመለከታለን።

አስቀድሞ፣ መቅዳት ራሱ በአገራችን ነውር ሆኖ እንዳልኖረ ማስታወስ ይገባል። በጎጃም ገዳማትና አድባራት ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ አንድ መጽሐፍ ሲገለብጥ ሥራው እንደ በጎ ምግባር ይቆጠርለት ነበር። በአንጻሩ በቅኔ ቤት ተማሪው የሚቀኘው ቅኔ የራሱ መሆን አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ያፍራል። እንግዲህ አባቶቻችን ዛሬ የሕግ ሰዎች የሞራል መብት የሚሉትን፣ ማለትም «ይህ የእከሌ ሥራ ነው» ተብሎ የመታወቅን መብት፣ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ከቅጂው ገንዘብ የማግኘት መብት፣ ማለትም የኢኮኖሚ መብት፣ ጎልቶ የመጣው ግን መገልበጫው መሣሪያ ርካሽ በሆነ ጊዜ ነው።

ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን የቅጂ ሞኖፖል ተዳፍሮ ዐምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት ሸክላው በውጭ አገር ፋብሪካ የሚታተም ነበር። ሸክላ ማባዛት የፈለገ ሰው ፋብሪካ ያስፈልገው ነበርና የአሳታሚውን መብት የሚጠብቀው ከሕጉ ይልቅ መሣሪያው ነበር ማለት ይቻላል። ካሴት ይህን ጥበቃ አፈረሰው፤ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሁሉ አባዥ ሆነ። ሆኖም ካሴት አንድ በጎ ጉድለት ነበረው። ከካሴት የተቀዳ ካሴት በእያንዳንዱ ትውልድ ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ቅጂ የሰማ አድማጭ ኦሪጅናሉን ለመግዛት ምክንያት ነበረው።

ዲጂታል ቅጂ ግን አያረጅም። ድምፁ ወደ ቁጥርነት የተለወጠ ስለሆነ፣ መሣሪያው የሚገለብጠው ድምፁን ሳይሆን ቁጥሩን ነው፤ ቁጥር ደግሞ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ያው ቁጥር ነው። ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ነው፤ የግራና የቀኝ ድምፅ ሁለት መሆኑን ስናስብ በሴኮንድ 1,411,200 ቢት ይሆናል። በዚህ ስሌት የአራት ደቂቃ ዘፈን 42 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ኤምፒ3 የተባለው ዘዴ የሰው ጆሮ የማይለየውን፣ ለምሳሌ በጎላ ድምፅ የተሸፈነውን ደካማ ድምፅ፣ እየተወ መጠኑን ይቀንሳል። በሴኮንድ 128,000 ቢት ሲቀዳ ያው ዘፈን ከ4 ሜጋባይት በታች ይሆናል። 4 ጊጋባይት የምትይዝ ካርድ ታዲያ አንድ ሺህ ያህል ዘፈን ትሸከማለች፤ ይህም የአንድ ሙዚቃ ቤት መደርደሪያ ማለት ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ለውጥ የተስፋፋው በኢንተርኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ናፕስተር የተጠቃሚዎችን ፋይል ዝርዝር በማዕከል ይይዝ ስለነበር ፍርድ ቤት ማዕከሉን በመያዝ በ2001 ሊያስቆመው ችሏል። በዚያው ዓመት የመጣው ቢትቶረንት ግን ፋይሉን ቆራርጦ ቁራጮቹን ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ስለሚያደርግ እንደ ናፕስተር አንድ በር ዘግቶ ማስቆም አይቻልም። የእኛ አገር መረብ ከሁለተኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ሽቦም ሆነ ሰርቨር የማያስፈልገው መሆኑ ነው። በብሉቱዝ አንድ ዘፈን ለማስተላለፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ዜንደርን የመሰለ ፕሮግራም ደግሞ አንዱን ስልክ የዋይፋይ ማሠራጫ አድርጎ ሌላውን ያገናኛል፤ ኢንተርኔት አይሻም። ዘፈኑን የያዘ ሁሉ በቀን ለአንድ ሰው ብቻ ቢሰጥ፣ አንዱ ቅጂ በአሥረኛው ቀን 1,024፣ በአሥራ ሰባተኛው ቀን 131,072 ይሆናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ በሕጋዊ መተግበሪያ ከፍሎ ማዳመጥ የሚሻው ሰው መንገዱ ተዘጋበት፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ካርድ ግን ምንም አልሆነም።

ሕጉ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ማባዛትንና ማሠራጨትን ለመብቱ ባለቤት ብቻ ይሰጣል። ሆነ ብሎ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ይሁን እንጂ አዋጁ ግለሰቡ ለራሱ ጥቅም ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢወስድ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል፤ ለዚህም እንደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ያሉ የማይካተቱ ሥራዎች አሉ። ስለዚህ ለራሱ ብሎ አንድ ዘፈን የቀዳ ሰውና በክፍያ የሚጭን ነጋዴ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ጥበቃው የሚዘልቅበትን ጊዜ ለመረዳት ቅርብ ምሳሌ እንውሰድ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። የኢኮኖሚ መብቱ ከደራሲው ዕረፍት በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚጠበቅ ለወራሾቻቸው እስከ 2046 ዓ.ም. ይቆያል። መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም የሚበትን ሰው ይህን ስሌት አስልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በእኔ አስተያየት የአዋጁ ድክመት ቅጣቱ ማነሱ አይደለም፤ እንዲያውም እጅግ መክበዱ ነው። የአንድ መንደር ወጣት ዘፈን ጫነ ብሎ አምስት ዓመት ለማሰር የሚደፍር ዳኛም ሆነ የሚከስ ዘፋኝ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የተሻለው ፍንጭ ያለው በማሻሻያ አዋጁ በቁጥር 872/2007 ውስጥ ነው፤ ይህ አዋጅ የመብት ባለቤቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር አማካይነት ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። ኤልያስ መልካ ከባልደረቦቹ ጋር የመሠረተው አውታር እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሰዋስው ደግሞ በ2022 ዘፈን በስልክ መሸጥ ጀምረዋል፤ በ2021 የመጣው ቴሌብርም የባንክ ካርድ የሌለው ሰው እንዲከፍል አስችሏል። ለመራዊ ገበያተኛ ግን ዋናው አከፋፋይ አሁንም ጫኙ ነው። ታዲያ ጫኙን ከማሳደድ ፈቃድ ሰጥቶ ከእያንዳንዱ ካርድ ድርሻ ማስከፈል ለምን አይሞከርም?

ድርሻውን ለማከፋፈል የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተጫነ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ዘዴ አለ። ኮምፒዩተር የዘፈኑን ድምፅ በጊዜና በድግግሞሽ ዘርዝሮ ጎልተው የሚታዩትን ነጥቦች ብቻ ይመዘግባል፤ የነጥቦቹ አቀማመጥ እንደ ጣት አሻራ ስለሆነ የፋይሉ ስም ቢቀየርም፣ ጥራቱ ቢወርድም ይለየዋል። ችግሩ አሻራው አስቀድሞ ያልተመዘገበውን ዘፈን ማወቅ አለመቻሉ ነው። በቡሬ ሠርግ ላይ ማሲንቆ ይዞ የተቀኘውን፣ አንዱ እንግዳ በስልኩ የቀዳውን አዝማሪ እንውሰድ። አዋጁ ከዋኝ ሳይፈቅድ ክዋኔው እንዳይቀረጽ ይከለክላል፤ መብቱ የእርሱ ነው። ድምፁ ግን በየካርዱ ሲጫን መዝገቡ ስሙን አያውቀውም፤ እርሱም የማኅበሩ አባል ካልሆነ ድርሻው ለማን እንደሚከፈል ገና መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።