ሰዓቱን እንጻፍ

የመስኖ ቦይ ሲደፈን ምን ይሆናል? ውኃው ይቆማል። ከቦዩ በታች ያለው ቡቃያ መጠውለግ ይጀምራል። ቦዩ ቶሎ ከተከፈተ ቡቃያው ያገግማል። ከዘገየ ግን ይደርቃል፤ በኋላ ውኃ ቢለቁበትም አይነሣም።

የሰው አንጎልም እንዲሁ ነው። አንጎል የሚኖረው በደም ሥር በሚመጣለት ደም ነው። የረጋ ደም የደም ሥሩን ከደፈነው፣ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል መሞት ይጀምራል። ይህ በሽታ ስትሮክ ይባላል። አንዳንዴም የደም ሥሩ ይፈነዳና ደም አንጎል ውስጥ ይፈሳል። ይህም ስትሮክ ነው። እኛ «ለከፈው»፣ «ጎኑን መታው» የምንለው ብዙ ጊዜ ይኸው በሽታ ነው።

በምን እናውቀዋለን?

ስትሮክ የሚመጣው ድንገት ነው። ሦስት ነገር እንይ።

1. ፊት፦ «እስቲ ፈገግ ይበሉ» እንበላቸው። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ይጣመማል?
2. እጅ፦ ሁለቱንም እጃቸውን አንድ ላይ ያንሡ። አንደኛው እየዛለ ይወርዳል?
3. ንግግር፦ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ይንገሩን። ምላሳቸው ይተሳሰራል?

ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢታይም ይበቃል። «አላመማቸውም» ብለን አንዘናጋ፤ ስትሮክ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ምልክቱ ወዲያው ቢለቅም እንኳ ወደ ሐኪም እንሂድ፤ ሊመለስ ይችላልና።

ሰዓቱ ለምን ይጠቅማል?

እንበል፣ ሱሉልታ ላይ አንድ አባት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ላም ሲያልቡ የወተቱ ዕቃ ከእጃቸው ወደቀ። አፋቸው ተጣመመ። አንዱ በቅቤ አሻቸው። ሌላው «ይተኙ፣ ይሻላቸዋል» አለ። ጎረቤት ዋግምት የሚያውቅ ሰው ሊጠራ ሄደ። ሆስፒታል ሲደርሱ 8 ሰዓት ሆነ። ሐኪሙ «መቼ ጀመራቸው?» ሲል አንዱ «ጠዋት»፣ ሌላው «ረፋድ ላይ» አለ።

የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። በአሜሪካ ለስትሮክ የተፈቀደው በ1988 ዓ.ም. ነው። በመርፌ ይሰጣል። መሰጠት ያለበት ግን በሽታው በጀመረ በ4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ ነው። ለእኚህ አባት ጊዜው እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ነበር ማለት ነው። ሰዓቱ ካልታወቀ ሐኪሙ መድኃኒቱን ለመስጠት ይቸገራል።

ደሙ ፈሶ ከሆነ ግን ያው መድኃኒት ይገድላል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ሲቲ ስካን በሚባል መሣሪያ ጭንቅላትን ያያል። እኛም ቤት ውስጥ አስፕሪን የማንሰጠው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ውድ ነው፤ በየሆስፒታሉም አይገኝም። ባይገኝም ቶሎ መድረስ ይጠቅማል። ሐኪሙ ስኳራቸውንና የደም ግፊታቸውን ይለካል። ምግብ እንዳያንቃቸው ይጠነቀቃል። ደሙ ዳግም እንዳይረጋ ይከላከላል።

ምን እናድርግ?

— ወዲያው ወደ 907፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ እንደውል። ከዘገየ በተገኘው መኪና እንሂድ። በዕድራችን መኪና ያለው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ እንወቅ።
— ከሰበታ በዓለም ገና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ቅርብ ነው። ጥቁር አንበሳም ቅዱስ ጳውሎስም እዚያ ናቸው። ሲቲ ስካኑ ዛሬ የሚሠራው የት እንደሆነ መንገድ ላይ ሆነን በስልክ እንጠይቅ።
— ምግብም ውኃም አንስጥ፤ ያንቃቸዋል። ካስመለሳቸው በጎን እናስተኛቸው።
— ጸሎቱ አይከለከልም። በመኪናው ውስጥም መጸለይ ይቻላል። ያለፈ ሰዓት ግን አይመለስም።
— በሽተኛው ደህና ሆነው ለመጨረሻ ጊዜ የታዩበትን ሰዓት በወረቀት እንጻፍ። በሽታው ከእንቅልፍ ሲነቁ ከታየ፣ ደህና ሆነው የተኙበትን ሰዓት እንጻፍ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለም ይዘን እንሂድ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መከላከል ነው። የስትሮክ ዋናው መነሻ ደም ብዛት ነው። ደም ብዛት ሳያሳምም ይቆያል። ስለዚህ በጤና ጣቢያ እንለካ። ኪኒን የታዘዘልን «ተሽሎኛል» ብለን አናቋርጥ። ጨው እንቀንስ፤ ሲጋራ እንተው።

ፊደል ቆጥረናል፤ ቁጥርም እናውቃለን። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የጻፍናት ሰዓት የአባታችንን እጅና አንደበት ልታተርፍ ትችላለች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሦስቱ የስትሮክ ምልክቶች ምን ምን ናቸው?
2. አስፕሪን ቤት ውስጥ ለምን አንሰጥም?
3. በሽታው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢጀምር፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው እስከ ስንት ሰዓት ነው?