ግሪንስቴድ፦ ዕድሜዋ የተከለሰባት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን

ስለ ጥንታዊ ሕንፃ ስንጽፍ የብዙዎቻችን ብዕር ቶሎ የሚሮጠው "የመጀመሪያው"፣ "ከሁሉ የቆየው" ወደሚሉት ቃላት ነው። እኔም ብሆን አላመለጥኩም። በመጀመሪያው ረቂቄ የግሪንስቴድ ቤተ ክርስቲያን በ845 ተሠራች ብዬ ጽፌ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቆይቼ ሳነብ ግን ቁጥሩ ከተሻረ ብዙ ጊዜው ሆኖ አገኘሁት።

ግሪንስቴድ ከለንደን በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኤሴክስ ግዛት፣ ኦንጋር ከተባለች ከተማ አጠገብ ያለች የገጠር መንደር ናት። በቅዱስ እንድርያስ ስም የተሰየመችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የአንግሊካን ናት፤ ሕንፃዋ ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ1534 ከሮም ከመለየቷ በፊት የነበረ ነው።

ዋናው ነገር ግድግዳዋ ነው። ምእመናን የሚቀመጡበት ክፍል የተሠራው ለሁለት ተሰንጥቀው ጎን ለጎን በቆሙ የኦክ ግንዶች ነው። ክቡ ወገን ወደ ውጭ፣ ጠፍጣፋው ወደ ውስጥ ይታያል። በግንዶቹ ጎንና ጎን ቦይ ተፈልፍሎ ቀጭን እንጨት ስለገባበት ነፋስና ዝናብ በቀላሉ አያልፍም። በ1840ዎቹ መጨረሻ በተደረገው እድሳት የበሰበሰው የግንዶቹ እግር ተቆርጦ በጡብ መሠረት ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ እንዲቆሙ ተደረገ። መቅደሱ ደግሞ በ1500 አካባቢ የተሠራ የጡብ ሥራ ነው። እንግዲህ ሕንፃዋ የአንድ ዘመን ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

ወደ ዕድሜዋ እንመለስ። በ1960 በዛፍ የእድገት ቀለበት ቆጠራ የተገኘው ውጤት 845 ነበር። በ1995 ጥናቱ ሲደገም ግን ዛፎቹ የተቆረጡት ከ1063 እስከ 1108 ባለው ጊዜ እንደሆነ ተገመተ። ይህ ሌላ ታሪክም ይነካል። በ1013 የንጉሥ ቅዱስ ኤድመንድ አስከሬን ሲጓጓዝ እዚህ አርፏል ይባላል። አርፎም ከሆነ ያረፈው በእነዚህ ግንዶች መካከል አይደለም፤ ገና አልተቆረጡምና! ሆኖም በመቅደሱ ወለል ሥር በተደረገ ቁፋሮ የቀደሙ የእንጨት ሕንፃዎች ምልክት ስለተገኘ ትውፊቱን ጨርሶ መጣልም አይቻልም።

በማስረጃ የጸናም ታሪክ አላት። የቶልፐድል ሰማዕታት የሚባሉት ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ቃለ መሐላ በመፈጸማቸው በ1834 ወደ አውስትራሊያ ለሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው። በ1836 ምሕረት ተደረገላቸው። ሲመለሱ አንዳንዶቹ በዚህ አካባቢ የእርሻ መሬት ተከራይተው ሰፈሩ፤ ከእነርሱ አንዱ ጄምስ ብራይን በ1839 የትግል ጓዱን የቶማስ ስታንድፊልድን ልጅ ኤልሳቤጥን በዚህችው ቤተ ክርስቲያን አገባ።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያኗ ሁለት መቶ ዓመት "በመቀነሷ" ምን ተጎዳች? ምንም። ዛሬም በአውሮፓ ቆመው ካሉት የእንጨት ሕንፃዎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዷ ናት። ጉዳቱ የሚመጣው እኛ ጋዜጠኛ ለመሆን የምንማር ልጆች የቆየውን ቁጥር ሳናጣራ ስንቀባበለው ነው። ግንዱ ዕድሜውን በውስጡ ይዟል፤ የእኛ ሥራ በትክክል መቁጠር ነው።