ከቀርከሃው የሚረግፈው ዱቄት

ጥያቄ፦ በረንዳዬን በቀርከሃ አሠርቼ ነበር። በሦስተኛ ወሩ እንደ ሽሮ የላመ ዱቄት ከየዘንጉ ይረግፍ ጀመር። የቀርከሃ ጠባይ ነው ወይስ ተታልያለሁ?

መልስ፦ ዱቄቱ የነቀዝ ሥራ ነው። ነቀዙ የሚፈልገው ቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስታርች ነው፤ ሳይበስል ተቆርጦ ሳይታከም የተገጠመ ዘንግ የተዘረጋ ማዕድ ይሆንለታል።

መፍትሔው ከምርጫው ይጀምራል። ለግንባታ የሚሆነው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየው፣ በበጋ የተቆረጠው ነው። ለጋው ያብረቀርቃል፤ ልባሱም ከአንጓው ገና አልረገፈም። የበሰለው ግን ደብዘዝ ብሎ ነጣ ያለ ሽበት ያወጣል። ከኢትዮጵያ ሁለት የቀርከሃ ዝርያዎች የደጋው ውስጡ ክፍት ሲሆን የቆላው አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ነው።

ክፍቱ አንጓዎቹ በረጅም ብረት ከውስጥ ተበስተው በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውህድ ለአንድ ሳምንት ያህል ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ጥላ ውስጥ ቆሞ ይደርቃል። ውህዱ በዝናብ ስለሚታጠብ ከላይ ጣሪያ ያስፈልገዋል። ሲገጠምም ምስማር በቀጥታ ከተመታበት ይሰነጠቃል፤ አስቀድሞ በመሰርሰሪያ መበሳት አለበት።

ሌላው ጠላት ምስጥ ነው። ከቀርከሃ የሚሠራው ረጅሙ የዶርዜ ቤት ከሥሩ በምስጥ ሲበላ ቁመቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል። ስለዚህ የዘንጉ እግር አፈር ሳይነካ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይረፍ።

ጠያቂው ቀዳዳ የበዛባቸውን ዘንጎች አውጥተው ቢያቃጥሉ፣ ሌሎቹን ደግሞ ፈትተው ቢዘፈዝፉ በረንዳው ይተርፋል።