ድምፅ የሚቀርጽ መኪና ስለ መምረጥና በገጠር ለእርሻ ሥራ ስለ መጠቀም

የኢትዮጵያ ገበሬ የእርሻን ዕውቀት በመጽሐፍ ጽፎ አላኖረውም፤ አባት ለልጁ በአፉ እየነገረ በእጁም እያሳየ አስተላለፈው እንጂ። ስለዚህ አንድ ዘር ከጎተራ በጠፋ ጊዜ የሚጠፋው ዘሩ ብቻ አይደለም። በየትኛው አፈር እንደሚዘራ፣ ዝናም ሲዘገይ ምን እንደሚደረግ፣ እንጀራው እንዴት እንደሚሆን የሚናገረው ቃል አብሮ ይጠፋል። የወረዳና የዞን ሹማምንት፣ የእርሻ ሠራተኞችም ወደ ገጠር በሚወጡበት ጊዜ ይህን ቃል ይዘው ለመመለስ የሚያስችላቸው መኪና ዛሬ በኪስ የሚያዝ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ መኪናው እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚሠራበት ያስረዳል።

ለነገሩ ከወሎ ማሽላ የበለጠ ምስክር አይገኝም። የወሎ ገበሬዎች እሸቱ ተጠብሶ የሚበላ አንድ የማሽላ ዓይነት አላቸው፤ ስሙንም «ወተት በጉንጬ» ብለውታል። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሲንግና አክስቴል የተባሉ ሊቃውንት ከብዙ አገር የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ፣ ከወሎ የተገኙ ሁለት ዓይነቶች ላይሲን የተባለውን፣ ለሰው አካል መታነጽ እጅግ የሚያስፈልገውን ነገር፣ ከሌላው ማሽላ አብልጠው እንደ ያዙ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 አስታወቁ። ሊቃውንቱ በመሣሪያ የደረሱበትን ገበሬው በምላሱ ለይቶ በስሙ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። በዚያው በ1973 ግን ወሎ በብርቱ ረኀብ ተመታ። የተራበ ሰው ለዘር ያኖረውን ይበላል፤ ሽማግሌውም ከቀየው ይሰደዳል፤ እንዲህ ባለው ዘመን ዘሩና የዘሩ ታሪክ ባንድ ቀን ይቀበራሉ።

የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴውንና የገብሱን ብዛት አይቶ ከተደነቀ ወዲህ፣ የአገራችንን ዘር መሰብሰብ ብዙዎች የደከሙበት ሥራ ሆኗል። በ1976ም በዚሁ አቆጣጠር የእጽዋትን ዘር የሚጠብቅ ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ዘሩ በቀዝቃዛ ቤት ይጠበቃል። ነገር ግን በከረጢቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ጥቂት ቃል ብቻ ይይዛል፤ ከገበሬው አፍ የወጣውን ረጅም ነገር ሊይዝ አይችልም።

«ጸሐፊ አብሮ ከሄደ አይበቃም ወይ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጸሐፊ ያስፈልጋል፤ መኪናው ጸሐፊን አያስቀርም። ሆኖም የፊደላችን ጠባይ መታወቅ አለበት፤ መጥበቅንና መላላትን አይለይም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። የቋንቋው ባለቤት ከነገሩ አካሄድ ይረዳዋል። የማያውቁት የዘር ስም ሲሆን ግን ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው እንዴት ብሎ እንደሚጠራው ከወረቀቱ ላይ ሊያገኝ አይችልም። ገበሬው ራሱ ሲጠራው ከተቀረጸ ክርክሩ ያበቃል። በኦሮሞኛ፣ በሲዳምኛ፣ በአገውኛና በሌላውም ቋንቋ በአማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ጆሮ ተሰምተው የተጻፉ ስሞች ምን ያህል እንደሚጣመሙ መዝገብ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ድምፅን መቅረጽ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ቶማስ ኤዲሶን ፎኖግራፍን ከሠራበት ከ1877 በኋላ ሃያ ዓመት ጥቂት አለፍ ሲል፣ በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸውን አስቀርጸው ለዳግማዊ ምኒልክ ልከው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱም በዚሁ መንገድ መልስ ላኩ። የንግሥቲቱ ቅጂ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለ ነበር ተሰበረ፤ ያ ቃል ዛሬ የለም። በ1908 ገደማ ደግሞ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው ሳሉ በበርሊን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከሸክላው በኋላ ክር፣ ከክሩም በኋላ ካሴት መጣ፤ አሁን ያለው ዲጂታል የሚባለው ነው።

ዲጂታል ማለት ድምፁን እየለካ በቁጥር የሚጽፍ ማለት ነው። መኪናው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 48 ሺህ ጊዜ ድምፁን ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልክ በ24 ቢት ይጽፈዋል። ለሰው ንግግርም ለዘፈንም ይህ ልክ ይበቃል። አጻጻፉም ሁለት ዓይነት ነው። ዋቭ የሚባለው የተለካውን ሁሉ ይጽፋል፤ ኤም ፒ ስሪ የሚባለው ግን ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን እየጣለ ያሳጥራል። አንድ ሰዓት የፈጀ ንግግር በዋቭ፣ በሁለት ማይክሮፎን፣ አንድ ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል፤ በተራው ኤም ፒ ስሪ ግን 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። ብዙዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ኤም ፒ ስሪን ይመርጣሉ። ይህ ዘሩን አበጥሮ እብቁን እንደ መጣል ቢመስልም እንደዚያ አይደለም፤ የተጣለው በኋላ ቢፈለግ አይገኝም። 32 ጊጋባይት ያለው ካርድ በዋቭ 30 ሰዓት ያህል ስለሚይዝ ለአንድ ሳምንት የገጠር ጉዞ የሚያስቸግር ነገር የለም።

መኪናውን ለመግዛት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሹም ፒያሳ ሲወጣ ብዙ ዓይነት ይቀርብለት ይሆናል። ዙም፣ ታስካም፣ ሶኒ የተባሉት የጃፓን ኩባንያዎች የሚሠሯቸው የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ከስሙ ይልቅ የሚከተለውን መመርመር ይሻላል። በተራ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ በውስጡ የተዘጋ ባትሪ ያለው መብራት በሌለበት ቀበሌ በሁለተኛው ቀን ዝም ይላል፤ የባትሪ ድንጋይ ግን በማናቸውም የገጠር ገበያ ይገኛል። የድምፁን መጠን በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት መሆን አለበት። የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት ቀዳዳ ከሌለው ርካሽ ቢሆንም አይገዛ፤ ምክንያቱም ሳያዳምጡ መቅረጽ ዓይንን ጨፍኖ እንደ መዝራት ነው። በቅርብ ዓመታት 32 ቢት ፍሎት የሚባል አሠራር ያላቸው ወጥተዋል፤ እነዚህ ሰው ድንገት ቢጮህ ቅጂው እንዳይበላሽ ያደርጋሉ። ለጀማሪ መልካም ናቸው፤ ፋይላቸው ግን ከፍ ያለ ቦታ ይወስዳል። ካርዱም ይመርመር፤ በላዩ 64 ተብሎ ተጽፎ ውስጡ 8 እንኳ የማይሞላ የውሸት ካርድ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ከመነሻው ቀን በፊት እስኪሞላ ድረስ ቀርጾ፣ መጨረሻውን ማዳመጥ እውነቱን ያወጣል።

የእጅ ስልክስ ይቀርጽ የለም ወይ? ይቀርጻል፤ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን ሽማግሌው የነገሩ መካከል ሲደርሱ ስልክ ይደወላል፤ ብዙውም ስልክ የድምፁን መጠን በራሱ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ ተናጋሪው ዝም ባለ ቁጥር የውሻውንና የዶሮውን ድምፅ አጉልቶ ያመጣል። ይህ ራሱ የሚያስተካክል አሠራር በሌላው መኪናም ውስጥ ስላለ ሁልጊዜ መዘጋት አለበት።

መኪናው ከተገዛ በኋላ ለመፈተኛ ከምኒልክ አደባባይ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በአንድ ወገን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዙሪያው መኪና ይመላለሳል፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለማየት የሚመጣም ሰው ብዙ ነው። አንዱ ሰው ከሐውልቱ አጠገብ ቆሞ እንደ ልማዱ ይናገር፤ ሌላው መኪናውን መጀመሪያ በአራት ክንድ፣ ቀጥሎ በሁለት ክንድ፣ ቀጥሎ በአንድ ክንድ፣ በመጨረሻ በአንድ ስንዝር ርቀት ይያዝለት። ርቀቱ በግማሽ ባነሰ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የአደባባዩ ጩኸት ግን እንደ ነበረ ይቀራል። በአራት ክንድ የማይሰማው ቃል በአንድ ስንዝር ጥርት ብሎ ይሰማል። ውድ መኪና በሩቅ ከመያዝ ርካሹን በቅርብ መያዝ እንደሚበልጥ በዚህ ይታወቃል፤ ከትምህርቱም ሁሉ ዋናው ይህ ነው። የድምፁ መለኪያ ከፍ ሲል ከዜሮ በታች 12 ላይ ይድረስ፤ ዜሮን ከነካ ቅጂው ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድነው ብልሃት የለም።

በጎጃምም ሆነ በአርሲ የሚቀርጽ ሰው ከአደባባዩ ጩኸት ቢያመልጥም ሌላ ጠላት ያገኛል። የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ቀላል የሆነው ነፋስ እንኳ በማይክሮፎኑ ላይ እንደ ነጎድጓድ ያጓራል፤ ስፖንጁ ብቻ የአፍን ትንፋሽ ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ ለሜዳ ነፋስ አይበቃም፤ ጠጉራም ልብስ የለበሰ መከለያ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው። እንግዳን አክብሮ በቆርቆሮ ቤት ማስቀመጥ የባላገር ልማድ ነው፤ ነገር ግን በቆርቆሮ ቤት ድምፅ ይንባጫል፣ ዝናም ሲጥልም ከቶ ንግግር አይሰማም። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ድምፅን ስለሚውጥ ከከተማው ስቱዲዮ ብዙም የማያንስ የመቅረጫ ቤት ነው። የእህል ወፍጮና የመብራት ሞተር ካሉበት መራቅ ይገባል። የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ቤት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ኃይል እምምም የሚል ድምፅ ሊያገባ ስለሚችል መኪናው ከሽቦው ይራቅ። መኪናውን በእጅ መያዝ ደግሞ የጣትን መንቀሳቀስ ሁሉ ያስቀርጻል፤ ስለዚህ በበርጩማ ላይ ጋቢ አጥፎ በዚያ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ከመኪናው ይልቅ የሚከብደው የሰው ነገር ነው። ሹም ሊጠይቅ ሲመጣ ገበሬ የሚያውቀውን ሳይሆን ሹሙ ሊሰማው ይፈልጋል ብሎ የገመተውን ይናገራል። ከዚህ በፊት ሰው መጥቶ ያየውን ከጻፈ በኋላ ምን እንደ ተከተለ አይረሳም። አንድ የወረዳ ሠራተኛ አንድን ሽማግሌ ሊጠይቅ ገባ እንበል።

«አባቴ፣ ይህ መኪና የሚናገሩትን ይይዛል። የምጠይቅዎ ስለ ዘርዎ ብቻ ነው፤ ካልፈቀዱ አልከፍተውም።»

«ልጄ፣ ኋላ ለግብር ነው ብላችሁ እንዳትመጡብኝ።»

«ስለ መሬትዎ ስፋትና ስለ ምርትዎ ብዛት አልጠይቅዎትም። ሲያበቁ ራስዎ ያዳምጡት፤ ይጥፋ ያሉትን እዚሁ አጠፋዋለሁ።»

«እንዲህ ከሆነስ ደግ፤ ተቀመጥ።»

ይህ ቃል ከተሰጠ መጠበቅ አለበት። ስለ ዘር ተብሎ የተቀረጸ ነገር በግብር ወይም በድንበር ክርክር ላይ ከቀረበ በዚያ ቀበሌ ማንም ዳግመኛ አፉን አይከፍትም፤ አይፈረድበትምም። ፈቃዱም በቃል ተሰጥቶ በቅጂው መጀመሪያ ላይ ይቀረጽ። ሚሊሻውና የቀበሌው ሊቀ መንበር ከበር ውጭ ይቆዩ። ዘሩን የምትመርጠውና የምታኖረው ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ስለ ሆነች ባለቤትየውን ብቻ ጠይቆ መመለስ ግማሹን ትቶ መመለስ ነው፤ እሷም በራሷ ጊዜ፣ ባልዋ ሳያቋርጣት ትጠየቅ። ጠያቂው «እሺ፣ እሺ» እያለ በተናጋሪው ቃል ላይ አይደርብ፤ ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃል። ተናጋሪው ዝም ሲል ለሌላ ጥያቄ አይቸኩል፤ መልካሙ ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል።

ቅጂው ሲጀመር ጠያቂው ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የተናጋሪውን ስምና የዘሩን ስም በአፉ ይናገር፤ ብዙዎቹ መኪኖች በፊደላችን ስም መጻፍ አይችሉምና። እዚህ ላይ ሰውን ሁልጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። መኪናው የሚቆጥረው በአውሮፓ ቀንና ሰዓት ነው፤ እኛ ከጧቱ ሁለት ሰዓት የምንለውን 8 ይለዋል፤ የጳጉሜንንም ወር አያውቃትም። ሁለቱም አቆጣጠር በመዝገቡ ላይ ጎን ለጎን ካልተጻፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዘሩ ከዝናሙ በፊት ይሁን በኋላ መዘራቱ አይታወቅም።

በየማታው ቅጂው ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጥ፤ አንድ ተጨማሪ በሌላ ፍላሽ ላይ ይኑር፤ ሦስተኛው ሠራተኛው ከሚያድርበት ሌላ ቦታ ይላክ። ሁለቱ ቅጂዎች መከፈታቸው ሳይረጋገጥ ካርዱ አይደምሰስ። የንግሥት ቪክቶሪያ ቃል አንድ ብቻ ስለ ነበር በአንድ ጊዜ ተሰብሮ አለቀ።

የተቀረጸው በመዝገብ ቤት ተዘግቶ እንዳይቀር መንገዱ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የተከፈተው የ8028 የገበሬ ስልክ ማንበብ ለማይችለውም ሰው ምክርን በተቀረጸ ድምፅ የሚያሰማ ነው፤ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያዎችም አሉ። የአንድ ወረዳ ሽማግሌ ስለ ገብስ የተናገሩትን የጎረቤት ወረዳ ገበሬ ቢሰማ ከወረቀት መመሪያ ይልቅ ልቡ ይቀበለዋል። ይህ ሲደረግ ግን ተናጋሪው ቀድሞ ይጠየቅ። ቅጂውም ለቤተሰቡ በስልካቸው ላይ ይሰጥ፤ ብዙ ቤት የአባቱን ድምፅ የሚያገኘው በዚህ ብቻ ነው።

ሠራተኛው ከገጠር ተመልሶ መኪናውን ለክረምቱ በሚያኖርበት ጊዜ የባትሪ ድንጋዮቹን ያውጣ፤ በውስጡ ከተረሱ አፍስሰው ሽቦውን ይበሉታል። ካርዱም በደረቅ ሣጥን፣ ከርጥበት በራቀ ቦታ ይቀመጥ።