ስለ ዝናብና ስለ ምድር የተከፈቱ መዛግብት፤ ለነጋዴ የሚሰጡት ጥቅምና የንባባቸው ዘዴ

ነጋዴ የሆነ ሁሉ መዝገብ አለው። የገባውንና የወጣውን፣ ያበደረውንና የተበደረውን ያልጻፈ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ማትረፉንም ሆነ መክሰሩን ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። የእህል ነጋዴ ግን ሁለት መዝገብ ያስፈልገዋል። አንደኛው በጠረጴዛው ላይ ያለው የሒሳብ መዝገብ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዝናቡና የሰብሉ መዝገብ ነው። ይህ ሁለተኛው መዝገብ በዛሬው ዘመን ያለ ዋጋ ለማንኛውም ሰው የተከፈተ ስለ ሆነ፣ ከየጥኖራ እስከ ቢቸና፣ ከቢቸናም እስከ ሞጣ ለሚነግዱ ወገኖቻችን ምንነቱንና የሚነበብበትን ዘዴ ለመግለጽ እንሞክራለን።

አስቀድሞ ነገሩን ያስተማረኝን ኪሳራ ልንገር። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤል ኒኞ የተባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ባስከተለው መዘዝ በወሎ፣ በዋግ ኽምራ፣ በአፋርና በምሥራቅ ሐረርጌ ዝናቡ እጅግ ጎደለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የርዳታ ሰነድም 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። በዚያን ጊዜ በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ «አገሩ ሁሉ ደርቋል» የሚለውን የደላሎች ወሬ አምነው፣ በመስከረምና በጥቅምት በብድር ገንዘብ አሮጌ ጤፍ በውድ ዋጋ እየሰበሰቡ መጋዘናቸውን ሞሉ። ታኅሣሥና ጥር ሲደርስ የቢቸና ሜዳ አዲሱን ጤፍ ወደ ገበያ አወጣ፤ እርሳቸውም በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ከስረው ሸጡ። የብድሩን ወለድ በየወሩ በመዝገብ የጻፍሁት እኔ ስለ ሆንሁ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የሚያስቆጨው ነገር ግን ኪሳራው ብቻ አይደለም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ካርታ ወሬው በተናፈሰበት ሰሞን ለሚፈልግ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ካርታውም ድርቁ በክልላችን ምሥራቃዊ ጠርዝ የበረታ መሆኑን፣ ወደ ምዕራብ ወደ ጎጃም ሲኬድ ግን እየቀለለ መምጣቱን ያሳያል። ድርቁ እውነት ነበረ፤ ቦታው ግን የእኛ ሜዳ አልነበረም።

ለእህል ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መዝገብ ነው። የሚያዘጋጀው በሳንታ ባርባራ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያለ የምርምር ማዕከል ሲሆን፣ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትም ይተባበረዋል። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዘነበውን ዝናብ በየቀኑ፣ በየአምስት ቀኑ፣ በየዐሥር ቀኑና በየወሩ ይዟል። ምድሪቱንም ወርዳቸውና ቁመታቸው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ቁጥር ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሳተላይቱ ዝናቡን ራሱን አይለካም። የሚለካው የደመናውን ራስ ቅዝቃዜ ነው። ደመና ወደ ላይ በረዘመ መጠን ራሱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ እጅግ የቀዘቀዘ ደመና በአንድ ቦታ ላይ የቆየበት ሰዓት ይቆጠርና ወደ ሚሊሜትር ይመነዘራል። ከዚያ በኋላ በምድር ላይ ባሉት የዝናብ መለኪያዎች ቁጥር ይታረማል። የመጀመሪያው ግምት አምስቱ ቀን ከተፈጸመ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ሲወጣ፣ የታረመው ግን የሚወጣው በሚከተለው ወር ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ የቸኮለ ነጋዴ የያዘው ግምት እንጂ የተዘጋ ሒሳብ አለመሆኑን ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት መዝገብ የምድር ፎቶግራፍ ነው። ላንድሳት የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት መጀመሪያ ወደ ሰማይ የወጣው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ሥዕሎቹ ለብዙ ዘመን ሸቀጥ ነበሩ፤ አንዱ ሥዕል 600 ዶላር የተሸጠበት ጊዜ ነበረ። ሽያጩ በደራበት በ2001 እ.ኤ.አ. እንኳ በዓመት የተሸጠው 25,000 ያህል ሥዕል ብቻ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ዋጋው ተነሥቶ ለሁሉ ሲከፈት ግን በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተወሰደ። ዋጋ ሲወድቅ ፈላጊ መብዛቱ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆንብን ሚሊዮን ሰው ወስዶት ከመደርደሪያው አንዳች የማይጎድል ሸቀጥ መኖሩ ነው። የአውሮፓውያን ሴንቲነል 2 ሳተላይቶችም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነውን መሬት ለይተው የሚያሳዩ ሥዕሎችን በነጻ ይሰጣሉ፤ ይህም አንዱን ማሳ ከሌላው ለመለየት የሚያስችል ነው።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የፈሰሰ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ በአንድ ሄክታር 10,000 ሊትር ይሆናል። ነገር ግን «በሐምሌ 240 ሚሊሜትር ዘነበ» ቢባል ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም። የሚመዘንበት ሚዛን የብዙ ዓመት አማካይ ነው። ለምሳሌ ያህል የቦታው የሐምሌ አማካይ 300 ሚሊሜትር ነው ብንል፣ 240ው የአማካዩ 80 ከመቶ ይሆናል። አንድ ነጋዴ የዘንድሮውን ሽያጭ ካለፉት ዓመታት ሽያጭ ጋር እንደሚያስተያይ ማለት ነው።

ድምሩም ቢሆን ያታልላል። የወሩ ዝናብ በሁለት ሳምንት ወርዶ ቀሪውን ሁለት ሳምንት ፀሐይ ቢመታ ድምሩ «ደኅና ነው» ይላል፤ ገበሬው ግን ደኅና አይደለም። ስለዚህ የዐሥር ቀኑን ቁጥር ማየት ከወሩ ይሻላል። በተለይ በእኛ አገር በዋልካ መሬት ላይ የሚዘራው ጤፍ ክረምቱ ከገፋ በኋላ ተዘርቶ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት የሚበስል በመሆኑ፣ የነሐሴ መጨረሻና የመስከረም ዝናብ ከሰኔው ይልቅ ዋጋውን ይወስናል ብዬ አምናለሁ። በኅዳር አጨዳ ጊዜ የሚወርድ ዝናብ ደግሞ በመዝገቡ ላይ «ትርፍ» መስሎ ይታያል፤ በታጨደ ጤፍ ላይ ከወረደ ግን ጉዳት ነው። ይህን የሚለየው ቁጥሩ ሳይሆን የአገሩን እርሻ የሚያውቅ አንባቢ ነው።

ዝናቡ ከታየ በኋላ የሰብሉ አረንጓዴነት ይታያል። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውንና ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ግን መልሶ ያንጸባርቃል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የልምላሜ ቁጥር ይገኛል። ለምሳሌ አንደኛው 0.5 ሌላው 0.1 ቢሆን፣ 0.4 ለ0.6 ተካፍሎ 0.67 ገደማ ይሆናል፤ ይህም የለመለመ ማሳ ምልክት ነው። ባዶ መሬት ወደ ዜሮ ይጠጋል። ጉድለቱ በክረምት ደመናው ምድሩን ስለሚሸፍን ጥሩ ሥዕል እስኪገኝ መጠበቅ ማስፈለጉ ነው። ደግሞም አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ጤፍ አይደለም፤ አረምም አረንጓዴ ነው። ውርጭና በረዶ የሚያደርሱትንም ጉዳት ዘግይቶ ነው የሚያሳየው።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥንቃቄ የተራራው ነገር ነው። የጮቄ ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የዓባይ ሸለቆ በደጀን በኩል ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ቢቸናና ሞጣ በመካከሉ በ2,500 ሜትር አካባቢ ተቀምጠዋል። እንዲህ ባለ አገር አንዱ የ5 ኪሎ ሜትር ማዕዘን ብዙ ዓይነት አየር ያለበትን መሬት በአንድ ቁጥር ይሸፍናል። በተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ አንዳንድ ጊዜ ከዝቅተኛና ካልቀዘቀዘ ደመና ስለሚመጣ ሳተላይቱ ሳያየው ያልፋል። ይህንን ስሕተት የሚያርመው በየጧቱ በ3 ሰዓት ወደ መለኪያው ሄዶ ውሃውን ለክቶ የሚጽፈው ሰው ነው። የሞጣውና የደብረ ማርቆሱ መለኪያ አንድ ቀን ሳይነበብ ቢቀር የእኛ ማዕዘን በሩቅ አገር ባለው መዝገብ ውስጥ ግምት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን ቁጥር ከሳተላይቱ ጋር ያዋሐደበትና ከ30 ዓመት በላይ የሆነውን መዝገብ በካርታ ለሕዝብ ማሳየቱም በዚህ ምክንያት ነው። ከውጭው መዝገብ ጋር ሲለያይ እኔ የአገር ውስጡን አስቀድማለሁ።

ላኪ ነጋዴዎችም ነገሩ የእህል ነጋዴ ጉዳይ ብቻ ነው ብለው እንዳያልፉት። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ፣ ቡና ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ አለመሆኑ እንዲረጋገጥ ያዛል። ስለዚህ ቡናው የበቀለበት ማሳ በምድር ላይ ያለበት ቦታ በቁጥር መቅረብ አለበት። የሕጉ መፈጸሚያ ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም፣ ገዢው አገር የላኪውን ቃል የሚመረምረው እነዚሁ በነጻ የተከፈቱ ሥዕሎችና የደን ካርታዎች እያገዙት ነው። ስለ ማሳው ገዢው ከሻጩ ይልቅ ቢያውቅ በውል ጠረጴዛ ላይ ማን እንደሚደክም የታወቀ ነው።

የተከፈተ በር ሊዘጋም ይችላል። ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው የረኃብ ማስጠንቀቂያ ድርጅት፣ ፊውስ ኔት፣ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ርዳታ ሲታገድ ገጹ ተዘግቶ ወራት ቆይቷል። በክልላችንም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ለዚህ የሚሆን መስመር አልነበረም። ስለዚህ እኔ ከሰኔ እስከ ኅዳር በየዐሥር ቀኑ የየጥኖራን፣ የቢቸናንና የሞጣን ማዕዘን ቁጥር በወረቀት እገለብጣለሁ። መስመሮቹ አምስት ናቸው፤ ቀኑ፣ የዘነበው፣ አማካዩ፣ ከመቶው፣ በመጨረሻም በዚያው ሳምንት ገበያ ላይ የሰማሁት ወሬ። የወሬው መስመር የተጨመረው በአሠሪዬ ትእዛዝ ነው። ኅዳር ላይ ሲደርስ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩንና ወሬውን ጎን ለጎን ያነባሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ጤፍ ግዥ የምንነጋገረው።