ለምን አደረገው?
በቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ ላይ ስንወያይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር

የአሰላን ክረምት የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ጭላሎ ጉም ለብሶ ይውላል፤ ማታ ብርዱ ስለሚከፋ ጎረቤቱ ቴሌቪዥን ካለበት ቤት ይሰበሰባል፤ የገብስ ቆሎ ይቀርባል፤ ድራማው ሲያልቅም ክርክሩ ይጀመራል። እኛም በልጅነታችን፣ በ2005 ዓ.ም. ገደማ፣ «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ጊዜ፣ ከታላላቆቻችን እግር ሥር ተቀምጠን ይህን ክርክር እየሰማን አድገናል። ጥያቄው ዘወትር አንድ ነበር፤ ይኸውም ተዋናይ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ያን ሁሉ ክፋት የሚሠራው ለምንድን ነው? የሚል ነው። አንዱ «ለገንዘብ ነው» ይላል። ሌላዋ «ገንዘብማ ሞልቶታል፤ ክብሩ እንዳይገፈፍ ፈርቶ ነው እንጂ» ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ «አንዴ ገብቶበት መመለሻው ጠፍቶት ነው» ብሎ ይደመድማል።

ዛሬ ተከራካሪዎቹ እኛው ሆነናል። የየአገሩ ድራማም በየስልካችን ይገባል። ስለዚህ ሰውን ለወንጀል ስለሚያነሣሣው የልብ ምክንያት፣ በዚህ ጽሑፍ «መነሻ» ስለምንለው ነገር፣ ጥቂት ልንል ወደድን።

በመሠረቱ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ያበቃል፤ «ለምን?» የሚለው ግን ሰውን ከውስጡ እንድናይ ያስገድደናል። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተከታታይ የቀረበውና ፒተር ፎክ የተጫወተበት «ኮሎምቦ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ፣ ገዳዩን ገና ከመነሻው ለተመልካች ያሳያል። ስለዚህ ተመልካቹ ገዳዩን በመፈለግ አይደክምም፤ መርማሪው ወደ እውነቱ እንዴት እንደሚደርስና የገዳዩ ልብ ምን እንደ ነበረ ይከታተላል። በ1990 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ሎው ኤንድ ኦርደር» ደግሞ የተለመደ አካሄዱ ታሪኩን ለሁለት መክፈል ነው። በፊተኛው ክፍል ፖሊስ ይመረምራል፤ በኋለኛው ዐቃቤ ሕግ ይከራከራል። በፊተኛው ክፍል መነሻ ጥቆማ ነው፤ በኋለኛው ግን ማስረጃ ካልታከለበት ከዳኛ ፊት አይቆምም።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ድራማ ደራሲ አለው። መነሻውን የፈጠረው ደራሲው ስለሆነ፣ በመጨረሻ በወንጀለኛው አፍ ያናዝዘዋል፤ እኛም «አላልኳችሁም!» ብለን እንደሰታለን። ደራሲው ሳይገልጠው ሲቀር እንኳ ክርክሩ ማንንም አይጎዳም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት በሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ ኢያጎ መጨረሻ ላይ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ አልናገርም ብሎ ዝም ይላል። ይኸው ከ400 ዓመት በላይ ሰው ይከራከርበታል፤ ኢያጎም አልተበደለም። በሕይወት ግን እንዲህ አይደለም።

የአገራችንም ሕግ ይህን ለይቶ ያያል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 58 አስቦ ማድረግን ይተረጉማል፤ ይኸውም አድራጊው እያወቀና እየፈቀደ ማድረጉ ነው። መነሻው ግን ከዚህ የተለየ ነው። መነሻው የተከበረና ለራስ ጥቅም ያልሆነ እንደ ሆነ በአንቀጽ 82 ቅጣት ሊቀልለት ይችላል፤ ምቀኝነት፣ ጥላቻ ወይም ስስት እንደ ሆነ ደግሞ በአንቀጽ 84 ሊከብድበት ይችላል። እንግዲህ መነሻ ቅጣትን ያከብዳል፣ ያቀልላል እንጂ ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አያደርገውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዝዛል።

በሰንበት ትምህርት ቤት የምናውቀው የሶስና ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈራጆች ስለ ነበሩ ሕዝቡ ቃላቸውን አመነ። ወጣቱ ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፤ ያያችኋት ከየትኛው ዛፍ ሥር ነው? አለ። አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ተናገሩ፤ ሐሰቱም ተገለጠ። ልብ እንበል፤ ሶስናን ያዳናት ስለ ሰው ልብ የተሰነዘረ ግምት አይደለም። ስለ ተጨባጭ ነገር የቀረበ ጥያቄ ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው አዋቂዎች ስለሆንን አይደለም፤ ስለ ተሳሳትን ነው። ባለፈው ዓመት ለጉዞ ያዋጣነው 1,800 ብር ጠፋ። ያን ሰሞን አንድ ወንድማችን አዲስ ጫማ ተጫምቶ መጣ። አባቱ ታሞ እንደ ተኛ፣ ቤቱም እንደ ተቸገረ እናውቅ ነበር። እኛም በድራማ በተማርነው ቋንቋ «መነሻ አለው፤ ቁልፉንም ያውቃል» ተባባልን። ማናችንም እሱን አልጠየቅንም። ወሬው ግን ደረሰው፤ መምጣቱንም ተወ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘቡ በፖስታ እንደ ታሸገ በስም መጥሪያው መዝገብ ልባስ ውስጥ ተገኘ፤ ያስቀመጠችውም ገንዘብ ያዣችን ራሷ ነበረች፤ ረስታዋለች። ይቅርታ ልንጠይቅ ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ ቡና አፈሉልን። ከዚያም «ልጆቼ፣ ጫማውን አክስቱ ናት ከበቆጂ የላከችለት። አንዳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችሁ ነበር እኮ» አሉን። ወንድማችን ይቅር ብሎናል። ወደ መዝሙር ክፍል ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ስለዚህ ለራሳችን ሦስት ነገር ወስነናል።

1ኛ. በድራማ ላይ ስንከራከር «እንዲህ አስቦ ነው» የሚል ሁሉ የትኛው ድርጊት ወይም የትኛው ቃል ያን እንደሚያሳይ ይጠቁም።

2ኛ. ለአንድ ድርጊት ቢያንስ ሁለት መነሻ እንፈልግ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የእኛ የራሳችን ሐሳብ ነው።

3ኛ. ወሬው ከድራማው ሰው ወደ ጎረቤታችን በተሻገረ ጊዜ ክርክሩ ይቁም፤ በእርሱ ፈንታ ባለቤቱ ይጠየቅ።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ፣ ሥሩን በግምት ቆፍሩ ማለታቸው አይደለም። ወደ ምንጩ ሂዱ ማለታቸው ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤

ሀ/ በቅርቡ ባያችሁት ድራማ ወንጀለኛው ያደረገበትን ምክንያት በምን አወቃችሁ?

ለ/ ከሶስና ከሳሾች ፊት ቆማችሁ ቢሆን ኖሮ ምን ትጠይቁ ነበር?

ሐ/ ሳትጠይቁ የፈረዳችሁበት ሰው አለን? ቤቱስ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?