ከለንደን ፓሪስ፦ የበረራን ጊዜ በራስ ማስላት

ከለንደን ፓሪስ ስንት ነው ብሎ ስልኩን የሚጠይቅ ሰው ሁለት ቁጥር ያገኛል፤ 343 ኪሎ ሜትር ገደማ እና 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ። አንዱን ለሌላው ሲያካፍል ግን ጄቱ በሰዓት 275 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚበር ይመስላል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ነው የሚለያየው። ስለዚህ መጀመሪያ ርቀቱን ለብቻው ያውጡ። ለንደን በ51.51፣ ፓሪስ በ48.86 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። የ2.65 ዲግሪው ልዩነት በ111 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 294 ይሆናል። በምሥራቅና ምዕራብ ያለው ልዩነት 2.48 ዲግሪ ነው፤ የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ሰሜን ዋልታ እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ ግን እዚያ አካባቢ አንዱ ዲግሪ 71 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ውጤቱ 176። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተው ይደምሩና ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፤ 343። ምድር ክብ ሆና ሳለ እንዲህ ማስላት ይቻላል ወይ የሚል ካለ፣ ለዚህ አጭር መንገድ ስህተቱ ከቁጥር አይገባም፤ ከሊዝበን ሄልሲንኪ ላለው ግን አይሠራም።

ቀጥሎ ርቀቱን ለጄቱ ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያካፍሉ፤ 26 ደቂቃ ይመጣል። በዚህ ላይ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይጨምሩ። የበረራ ሰሌዳው የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነሣ ጀምሮ ፓሪስ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ነው። የለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው፤ ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ አውሮፕላኑ ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ ይነሣና በደቡብ ምሥራቅ ወዳለችው ፓሪስ ይዞራል። መውጣቱም መውረዱም ዝግ ባለ ፍጥነት ነው። ይህ ጭማሪ በግምት የተቀመጠ እንዳይመስል በሌላ መንገድ ይፈትኑት፤ ከለንደን ሮም 1,440 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለ800 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ48፣ ሲደመር ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም፤ ሰሌዳውም የሚለው ይህንኑ ነው። ጭማሪው ለአጭሩም ለረጅሙም ያው ስለሆነ መንገዱ ባጠረ ቁጥር የጄቱ ፍጥነት ጥቅሙ ይቀንሳል።

ቲኬቱን ሲያነቡ ሰዓቱ የየአገሩ መሆኑን አይርሱ። በ09:00፣ ማለትም ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከለንደን የተነሣ ፓሪስ በ11:15 ይደርሳል፤ የፓሪስ ሰዓት በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም ያንን ይቀንሱ። ሲመለሱ ይጨምሩ። ሁለቱ አገሮች ሰዓታቸውን በአንድ ቀን ስለሚቀይሩ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም።

በመጨረሻ የምድሩን ጊዜ ይደምሩ። ወደ ሂትሮው መሄጃው፣ ፍተሻው፣ ከፓሪሱ ሻርል ደጎል አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ መግቢያው አንድ ላይ ሦስት ሰዓት ቢፈጁ አይገርምም፤ ድምሩ ከአራት ሰዓት ያልፋል። ዩሮስታር የተባለው ባቡር ደግሞ ከመሀል ለንደን መሀል ፓሪስ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይገባል። ባቡሩም ፍተሻና የፓስፖርት ቁጥጥር አለው ቢባል እውነት ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጨመርበት እንኳ ከአራት ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ ለፓሪስ ባቡሩን፣ ለሮም አውሮፕላኑን እመርጣለሁ። ቤቱ ሂትሮው አጠገብ የሆነና ጉዳዩም ከሻርል ደጎል ብዙ የማይርቅ ሰው ግን ስሌቱ ወደ አውሮፕላኑ ሊያደላለት ይችላል።